የድንጋዩ ድርሻ

የግራ እጄን ጀርባ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ንቅሳት ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ አንጓዬ ድረስ ጥቃቅን ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ። በሳሙና አይለቁም፤ ዕድሜም አላደበዘዛቸውም። ንቅሳት አይደሉም፤ ብረት ናቸው። የወፍጮ ድንጋይ ስወቅር ከመውቀሪያው ጫፍ እየተፈናጠሩ ቆዳዬ ውስጥ ገብተው የቀሩ ናቸው። አብዛኞቹ የገቡት ደግሞ በአንድ ዓርብ ቀን ነው። የማጫውታችሁ የዚያን ዓርብ ነገር ነው።

ስሜ ዘሃራ ይባላል። አሁን ዲላ ከተማ ውስጥ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ አለኝ። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረውም ከወናጎ ወደ ውስጥ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነበር። የቀበሌዋን ስም አልጠራውም፤ ይቅርታ። የዚያን ቀን ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ደንበኞቼ ስለሆኑ በስተርጅና ልንቀያየም አልፈልግም።

አባቴ ሸምሱ ከስልጤ አገር የመጣው በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጢም ሳያወጣ ነው። በሁለት በቅሎ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ከዲላ ወናጎ፣ ከወናጎ እስከ ወርቃ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። በደረሰበት ሁሉ ሴቶች በቆሎና ገብስ በሙቀጫ ሲወቅጡ፣ በእጅ ሲፈጩ፣ ወገባቸውን ይዘው ሲቃትቱ ያያል። አንድ ቀን በቅሎዎቹን ሸጠና አዲስ አበባ ሄደ፤ ያገለገለ የናፍጣ ሞተርና አንድ ጥንድ የወፍጮ ድንጋይ ይዞ ተመለሰ። ዘመዶቹ አብዷል አሉ። የጭነት መኪናው ዕቃውን ወናጎ ላይ አራግፎለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ አልነበረም። የአካባቢው ጌዴኦዎች ተጠራርተው ድንጋዮቹን ግንድ ላይ አሰሩና እየተፈራረቁ በትከሻቸው ተሸከሙለት። አንዱን ድንጋይ ለማድረስ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። ወንዝ ሲያሻግሩት አምልጧቸው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ አባቴ አለቀሰ ይባላል። እሱ ግን ዝናብ ነው ይላል።

በዚያ ሁሉ አካባቢ የመጀመሪያው ወፍጮ የእኛ ነበር። አባቴ በሞተሩ ጭስ ማውጫ አፍ ላይ ጣሳ ስላሰረበት ሞተሩ ሲነሳ «ኩክ ኩክ ኩክ» የሚለው ድምፅ ኮረብታ አልፎ ይሰማል። ሴቶቹ እሱን ሲሰሙ ነው እህላቸውን አዝለው ከቤት የሚወጡት። እናቴ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ሞተች፤ ሁለቱ ታላላቅ እህቶቼ ተድረው ሄደዋል፤ ወንድም የለኝም። ስለዚህ የወፍጮው ሙያ የወረደው በእኔ ላይ ነው። ማንም «ሴት ልጅ ናት» ብሎ አልተከራከረልኝም፤ እኔም ወደድኩት።

የወፍጮ ድንጋይ እህል ሲፈጭ ውሎ ሲያድር ፊቱ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ያን ጊዜ ላይኛውን ድንጋይ ገልብጦ ሁለቱንም ፊት በብረት መውቀር ነው፤ ጫፉ በሾለ መውቀሪያ ጥቅ ጥቅ እያደረጉ ማሻከር። አባቴ ወቅሮ በጨረሰ ቁጥር የማይቀር አንድ ልማድ ነበረው። ሁለት ቁና እህል ያስመጣና «ይሄ የድንጋዩ ድርሻ ነው» ይላል። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ይፈጨዋል፤ ድንጋዩን የሸፈነውን የብረት ክዳን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ያደርገዋል፤ የወጣውን ዱቄት ግን ለሰው አይሰጥም፤ ጓሮ ያስደፋዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ድንጋዩስ አይርበውም?» ብሎ ፈገግ ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ሰውም እንደየእምነቱ ተረጎመው። ሙስሊሙ ሰደቃ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ለቦታው ውቃቢ ነው አሉ። ፕሮቴስታንቶቹ «ጣዖት ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አባቴ ይህን ሁሉ እየሰማ ዝም ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ይለው ነበር። ባለምስጢር መሆን የሚወድ ሰው ነበር። እኔ ግን ጓሮውን የምጠርገው ስለነበርኩ ዱቄቱን በጣቶቼ መካከል አሽቼ አውቀዋለሁ። አሸዋ አለው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ ለተወሰነ ጊዜ አሸዋ ይተፋል፤ ድርሻው ማለት ይህ ብቻ ነው። ሦስቱ ምት ግን የአባቴ የጸሎት ልማድ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ደርግ መጣና ወፍጮው ለገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ቤታችንን ተዉልን። የማኅበሩ ሊቀመንበር በራሶ ይባላል፤ በወጣትነቱ ድንጋዩን በትከሻቸው ካመጡት አንዱ ነው፤ ውሳኔውን ሲያነብ አባቴን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ወፍጮውን እንዲያንቀሳቅስ የተመደበው ማርቆስ የሚባል ጸሎተኛ የፕሮቴስታንት ወጣት ነበር፤ ቸር ልጅ ነው፤ ድንጋይ መውቀር ግን አያውቅም። ስለዚህ ድንጋዩ በለሰለሰ ቁጥር ተጠርተን የምንወቅረው አባቴና እኔ ነበርን። ሌላውን ቀን አባቴ ከወፍጮው ፊት ለፊት ከተኛው ግንድ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። «ቺንጋው ላልቷል» ይላል ለራሱ፤ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር ማለቱ ነው። የሚሰማው የለም።

እንግዲህ አንድ ሰሞን ለጦር ግንባር ስንቅ አዋጡ ተባለ። የእኛ ማኅበር ድርሻ የገብስ በሶ ነበር። ሰኞ ዕለት ተጠራንና ድንጋዩን ወቀርን። ከዲላ የተላከ አንድ ወጣት ካድሬ ሥራውን ለመቆጣጠር መጥቶ ነበር። ስንጨርስ አባቴ እንደ ልማዱ እጁን አራገፈና «የድንጋዩን ድርሻ ሁለት ቁና አምጡ» አለ።

«የምኑን ድርሻ?» አለ ካድሬው።

«የድንጋዩን።»

«አባት፣ ይህ የሠራዊቱ ስንቅ ነው። ለድንጋይ የሚገበር እህል የለንም። ባዕድ አምልኮ በዚህ አገር አብቅቷል!»

ማርቆስም አንገቱን ደፍቶ «እኔም ባይደረግ ይሻላል» አለ። አባቴን አየሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግበት። «አሸዋ ይወጣል» ቢል ያልቅ ነበር። ፊቱ ግን ቀልቷል፤ በገዛ ወፍጮው በር ላይ የልጅ ቁጣ ተቆጥቷል። «እንደ ወደዳችሁ» አለና መውቀሪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ። አፍ ነበረኝ፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሚሊሻዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። በሶው ዲላ ደርሶ ሲቀመስ አሸዋ ሆኖ ተገኝቷል። ወፍጮው የተወረሰበት ሰው፣ ድንጋዩን የነካው እሱ፣ ስንቁ ደግሞ የሠራዊቱ። አሻጥር ተባለ። በዚያን ዘመን ይህች ቃል ስንት ቤት እንደዘጋች የሚያውቅ ያውቃል። አባቴን ከወፍጮው ቤት ጋር የቆርቆሮ ግድግዳ በሚጋራው የማኅበሩ የቡና መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት በቅርቡ በተጠረገው መንገድ መኪና መጥቶ ወደ ዲላ ይወስደዋል ተባለ። ከዚያ ወዴት እንደሚወሰድ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት በራሶ ቤት ነበርኩ። ደጁ ላይ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል።

«ጋሼ በራሶ፣ አባቴ አሸዋ አልጨመረም። ድንጋዩ ነው» አልኩት።

«ዘሃራ፣ እኔ ምን ላድርግ? ትናንት ካድሬው ወፍጮ ቤት ገብቶ አዲስ የተፈጨ ዱቄት ቀመሰ። ንጹሕ ነው። ‹ድንጋዩ ቢሆን የዛሬውም አሸዋ አይኖረውም?› አለኝ። ምን ልመልስ?»

እውነቱን ነው፤ ለማያውቅ ሰው የሚያሳምን ነገር ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ብዙ እህል ተፈጭቷልና ድንጋዩ አሸዋውን ተፍቶ ጨርሷል። ለማሳየት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እንደገና መውቀር። ይህንን ነገርኩት። በራሶ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ያንን ድንጋይ ስንሸከም ትከሻዬ ቆስሎ ነበር» አለ፤ «ጠባሳው አሁንም አለ። ነይ እንሂድ።»

ካድሬው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ግን ነገሩን አሰበበት፤ ሕዝቡ ሰብሰብ ብሎ አሻጥረኛው ሲጋለጥ ቢያይ አልጠላም።

«ጥሩ» አለ። «መኪናው እስኪመጣ ጊዜ አለ። ሕዝብ ፊት ታሳያለሽ። ከሁለት ቁና በኋላ ንጹሕ ዱቄት ይወጣል ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ካልወጣስ?»

የመውቀሪያዎቹን ጥቅል መፍታት ጀመርኩ።

«ካልወጣ ከአባትሽ ጋር አንድ መኪና ላይ ትወጫለሽ።»

በሁለት ሰዓት ተኩል መውቀር ጀመርኩ። ማርቆስና ሁለት ጎረምሶች ላይኛውን ድንጋይ በዲጅኖ ፈንቅለው ገለበጡልኝ። ብቻዬን ወቅሬ አላውቅም ነበር። ከአባቴ ጋር ስንሠራ እሱ ከመሃል ወደ ዳር፣ እኔ ከዳር ወደ መሃል ሆነን እንገናኛለን። አሁን መሃሉም ዳሩም የእኔ ነው። ቸኮልኩ። ስቸኩል መውቀሪያውን አጋደልኩት፤ ብረቱ እየተፈናጠረ እጄን ይወጋኛል፤ ደሙ ከድንጋዩ ብናኝ ጋር ይለወሳል። ከግድግዳው ማዶ አባቴ እንዳለ አውቃለሁ። የመውቀሪያውን ድምፅ ሰምቶ ማን እንደሆነ ሳይገባው አይቀርም፤ ግን ከቆርቆሮው ጀርባ ሚሊሻው በቆመበት መነጋገር ክልክል ነበር።

ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። ሴቶቹ መጡ። ከሁሉ ቀድመው ከወፍጮው ጓሮ የሚኖሩት አሮጊቷ እማማ ዳምቦቤ መጥተው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እማማ ዳምቦቤ ጌዴኦ ናቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እጄን አይተው «አንተ ልጅ፣ ቀስ በል! ድንጋዩ አይሸሽም!» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ግን ቀስ አልኩ።

ስጨርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ድንጋዩ ተገጠመ፤ የብረት ክዳኑ ተደፋበት። እማማ ዳምቦቤ ከቤታቸው ነጭ የጣሊያን ሳህን አስመጡ። የሳህኑ ሐሳብ የእኔ ነው፤ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ሳህኑ ላይ አድርጎ በውሃ እያማሰሉ መድፋት፤ ዱቄቱ ከውሃው ጋር ሲሄድ አሸዋ ካለ ከሥር ይቀራል። ለሁሉም ሰው የሚታይ ነገር ነው።

ማርቆስ ሞተሩን አስነሳ። «ኩክ ኩክ ኩክ።» የመጀመሪያውን ቁና በቆሎ ጨመርኩ። ከዱቄቱ አፍሼ ሳህኑ ላይ አድርጌ አጠብኩት። ከሥሩ ጥቁር አሸዋ ተኛ። በራሶ ሳህኑን ይዞ በሕዝቡ መካከል ዞረ። «ይኸው! ይኸው!» የሚል ጉምጉምታ ተሰማ። ልቤ ትንሽ ተነሳ።

«ገና ነው» አለ ካድሬው። «አሸዋ መኖሩንማ እኛም እናውቃለን። ንጹሑን አሳዪን።»

ሁለተኛውን ቁና ጨመርኩ። አሸዋው አነሰ። የድንጋዩ ድርሻ አለቀ ማለት ነው። ሦስተኛውን ቁና ስጨምር ቸኩዬ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስኩት። ፈጨሁት፤ አፈስኩ፤ አጠብኩ።

አሸዋ ነበረው። እንዲያውም ከሁለተኛው የበለጠ።

እንደገና አፈስኩ፤ እንደገና አጠብኩ። ያው ነው። ማርቆስ ከፊቴ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋው። ዝም አለ ቦታው። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበር፤ ሆኖም በዚያ ዝምታ ውስጥ ከወንዙ በታች ዳገቱን የሚወጣ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። በዚያ መንገድ የሚመጣ ሌላ መኪና የለም። ካድሬው ሰዓቱን አየ።

«ሁለት ቁና ነበር ያልሽው» አለ።

አባቴ አሥር ጊዜ ሲሠራው አይቼዋለሁ፤ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ቁና ነው፤ ምን ጎደለ? የብረት ክዳኑን ተደግፌ ቆምኩ። አባቴን እኔው ራሴ በሕዝብ ፊት አስፈረድኩበት ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የከበደችኝ የለችም።

ያን ጊዜ ከመጋዘኑ በኩል የቆርቆሮው ግድግዳ ተመታ።

ቋ። ቋ። ቋ።

«ዝም በል!» ሲል ሚሊሻው ጮኸ። ሰዎቹ ወደ ድምፁ ዞሩ። እኔ ግን አልዞርኩም፤ እጄ ያረፈበትን ክዳን ነበር የማየው። ሦስት ምት። ከሁለቱ ቁና በኋላ፣ በመዳፍ፣ ሁልጊዜ ክዳኑ ላይ። ጸሎት ነው ብዬ ችላ ያልኩት!

«ማርቆስ፣ አስነሳ!» አልኩ። ሞተሩ ተነሳ። እህል ሳልጨምር መዳፌን ከፍ አድርጌ ክዳኑን መታሁት። አንድ፤ ከመውረጃው ጥቁር አሸዋ ዘረገፈ። ሁለት፤ እንደገና ወረደ። ሦስት፤ ምንም። ከክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሞ የቀረው አሸዋ ነበር እያንዳንዱን ቁና ሲያበላሽብኝ የነበረው። አራተኛውን ቁና ጨመርኩ። ዱቄቱን አጥቤ ሳህኑን ለካድሬው በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ከሥሩ ነጭ ሳህን ብቻ ነበር። አላመነም፤ ራሱ አፍሶ ራሱ አጠበ። ከዚያም ዱቄቱን በጣቱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገና ጥርሱን አፋጨ። ሁላችንም ጥርሱን እናዳምጥ ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ካድሬው እጁን አነሳ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እኔ የምፈራውን ጥያቄ እሱም አልሳተውም።

«እንግዲያው ያውቅ ነበር ማለት ነው። አሸዋ እንደሚወጣ ካወቀ ለምን አልተናገረም? ዝም ማለቱ ራሱ አሻጥር አይደለም?»

ያ ጥያቄ ከሰኞ ጀምሮ የእኔም ጥያቄ ነበር። ልመልስ ስል የቀደመኝ ማርቆስ ነው።

«ጠይቆናል» አለ። «ሁለት ቁና ስጡኝ ብሏል። ጣዖት ነው ብዬ ያስከለከልኩ እኔ ነኝ።» ለካድሬው «አንተ» አላለም፤ «እኛ» እንኳ አላለም፤ «እኔ» አለ። ይህንን እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

እማማ ዳምቦቤም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«ሸምሱ ዛሬ አልጀመረም» አሉ። «ንጉሥ እያለም የድንጋይ ድርሻ ይላል። ጓሮ ይደፋል። እኔ እያፈስኩ ለዶሮ እሰጣለሁ። ዶሮ ይወዳል። አንድ ቀን ይሄን ያህል ዱቄት ለዶሮ ለምን ብዬ ቂጣ ጋገርኩ። እዩ!» አሉና የላይኛውን ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለበጡት። ከፊት አንድ ጥርስ የለም። «ድንጋይ የበላው ይሄ ነው! የድንጋይ ድርሻ ሰርቄ በላሁ፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ውቃቢው ቀጣኝ ብዬ ስንት ዓመት ፈራሁ። ለካ አሸዋ ነው!»

መጀመሪያ የሳቀው በራሶ ነው። ከዚያ አንዲት ሴት፤ ከዚያ ሁሉም። ሚሊሻው ሳይቀር ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። ከሐሙስ ጀምሮ በፍርሃት ታፍኖ የቆየ ሰው ሲስቅ ማቆሚያ የለውም። ካድሬው ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሶ ነበር፤ ግን ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መኪናው በደጁ ሲቆም እኛ እንባችንን እየጠረግን ነበር።

በራሶ ካድሬውን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። የተናገረውን ሰምቼዋለሁ። «ጓድ፣ ሁለቱን ቁና ማን ከለከለ የሚል ነገር ከተነሳ ለሁላችንም አይበጅም። ድንጋዩ አዲስ ስለተወቀረ የደረሰ የቴክኒክ ጉድለት ነው ብለህ ጻፍ። ማኅበሩ ሌላ በሶ ይፈጫል። ዛሬውኑ።» ካድሬው መኪናውን አየ፤ ወፍጮውን አየ፤ የእኔን እጅ አየ። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ያን ቀን እሱም ከእኛ ያላነሰ እንደፈራ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። መኪናው የመጣበትን መንገድ ባዶውን ተመለሰ።

የመጋዘኑ በር ተከፈተ። አባቴ የቡና ገለባ ጢሙ ላይ ተጣብቆ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ወጣ። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እቅፍ አደረገኝ። ያመሰግነኛል፣ ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ በጆሮዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሦስተኛው ቁና ላይ ምን ነክቶሽ ነው?»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ድንገት ቆመ። «አውቅ ነበር» አለ። «ሰኞ ዕለት አውቅ ነበር ዘሃራ። ተናድጄ ነው። አሸዋውን ሲያዩ መጥተው ይለምኑኛል ብዬ ነው። የሰው ልጅ ግንባር ላይ የሚበላው መሆኑን ረሳሁት። ሊወስዱኝ ሲመጡ ነው ያስታወስኩት።» ከዚያ በእርግጥ አለቀሰ። ዝናብ አልነበረም። ያኔ እሱን ማጽናናት ትቼ «እኔም አውቅ ነበር አባዬ» አልኩት። እጄን ይዞ ቁስሉን በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን በሶ እኛው ፈጨነው። ማርቆስ ራሱ እህሉን ሰፍሮ አመጣ።

ይህ ቀን ምን ለወጠ ብትሉኝ መጀመሪያ የለወጠው አባቴን ነው። ያ ባለምስጢር ሰው ከዚያ ወዲያ ሁሉን አስረጂ ሆነ። ቺንጋ ለምን እንደሚላላ፣ ድንጋይ ለምን እንደሚለሰልስ፣ የጣሳዋ ጩኸት ከየት እንደሚመጣ፣ ጠየቃችሁትም አልጠየቃችሁት ይነግራችኋል። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሳይማር አይመለስም ነበር። ማርቆስን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእሱ የማያንስ ወቃሪ አደረገው። እማማ ዳምቦቤ «ሸምሱ በፊት ዝም ሲል ጥሩ ነበር» እያሉ ያማርሩ ነበር።

እኔን የለወጠኝ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰዎች የአባቴን ሥራ አምልኮ ሲሉት ስቄባቸው ነበር፤ እኔ አውቃለሁ ብዬ። እኔም ግን ያልገባኝን ግማሹን ጸሎት ብዬ ትቼው ነበር፤ ያም ግማሽ አባቴን ሊያስበላኝ ነበር። እናንተም በየቤታችሁ፣ በየሥራ ቦታችሁ አንድ የምታውቁት ነገር ይኖራል፤ ሌላው እንዲጠይቃችሁ የምትጠብቁት። አትጠብቁ። ተቆጥታችሁም ቢሆን ንገሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አባቴ ሊሞት ሰሞን፣ ዲላ መጥቶ እኔ ጋ ተኝቶ ሳለ፣ ለረጅም ጊዜ በሆዴ የቆየውን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ልብ ብዬው ነበር። በሁለቱ ምት አሸዋው ሁሉ ወረደ። በሦስተኛው ምንም አልወጣም። ሦስተኛው ለምንድን ነው?»

«ሦስተኛውማ ለምንም አይደለም» አለኝ። «ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«እንግዲያው መጋዘን ሆነህ ለምን ሦስት ጊዜ መታህ? ሚሊሻው አጠገብህ ቆሞ?»

ትራሱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሁለት ጊዜ ብመታ እኔ መሆኔን ታውቂው ነበር?»